ሬዲዮው ላይ የገባው ጩኸት

ባሌ ያገባኝ የስፌት መኪናዬ ሬዲዮውን ስለረበሸበት ነው። ሰው «እንዴት ተገናኛችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሲስቁብኝ ደሜ ይፈላል። አንድም ቃል አልጨመርኩበትማ!

ያኔ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ረጅም ኮሪደር ባለው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ባለ ሞተር የስፌት መኪና ገዝቼ፣ ከሰፈሩ ሰፊዎች ሁሉ ቀድሜ በእግር ከመርገጥ ተገላገልኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የምሄድበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ቆሟል። በአንድ እጁ ትንሽ ሬዲዮ፣ በሌላው ካቻቢቴ ይዟል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«መኪናሽን አጥፊው» አለኝ።

«ደግሞ አንተ ማነህና ነው መኪናዬን የምታስጠፋኝ?»

«መጀመሪያ አጥፊው፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ቶሎ ልሰድበው ብዬ አጠፋሁት። በእጁ ላይ ሲንጫጫ የነበረው ሬዲዮ ጩኸቱ ቀጥ አለና የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። «አብሪው» አለኝ፤ አበራሁት፤ ትርርርር! አጠፋሁት፤ ሰውየው ከሬዲዮው ውስጥ ንግግሩን ቀጠለ። ይሄኔ በካቻቢቴው ወደ መኪናዬ እያመለከተ «ጥፋተኛ!» ብሎ ፈረደ።

ለካ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ኖሯል። ሥራው ላይ የገባበትን ጩኸት ሲያድን ከርሞ ቤት ለቤት እየዞረ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እያስነቀለ ነው የመጣው። ጩኸቱ ካልቆመ ለባለቤቱ «ነጻ ነህ» ይልና ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። የፀጉር አስተካካዩ ማሽን ነጻ ወጣ። የፋርማሲው ፍሪጅ ነጻ ወጣ። የኮሪደሩ መብራት ነጻ ወጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ዐይን ያወጣች ጥፋተኛ ተገኘች።

የአፌን ጠገበ። እናቱ አልቀረች፣ አስተዳደጉ አልቀረ። እሱ ግን በማግስቱ ጥፍር የምታክል ኮንደንሰር ይዞ መጣና ሞተሩን ፈትቶ በየዳት። ከዚያ ወዲያ መኪናዬ ስትሠራ ሬዲዮ ከጎኗ ቢቀመጥ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ሠርቶ ሲያበቃ ሄደ ብዬ ስገላገል፣ በማግስቱ «እስቲ ልፈትሻት» ብሎ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። «የተጠገነ ዕቃ ይህን ያህል አይፈተሽም እኮ» ስለው «ዋናው ችግር ገና አልተፈታም» አለኝ፤ ጆሮው ቀይ ሆኖ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ተጋባን።

ሰፈሩ ከቅጥነቱም ከሙያውም አጋጥሞ «ሽቦ» ይለዋል። እኔን ደግሞ እሱ «መርፌ» አለኝ። ከሙያዬ ነው ይላል፤ ከምላሴ እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ትዳራችን አንድ ሕግ ነበረው፤ የሬዲዮ ሰዓት። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ገብታ ዐይን ለዐይን መተያየት ገና ሳያቅት፣ በአጭር ሞገድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ ጣቢያ አለ። እዚያ ጣቢያ ላይ ድምፁ ወፍራም የሆነ፣ ሳይቸኩል የሚናገር አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት ስሙ «ሰውየው» ብቻ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ሽቦ እየዞረ ሁሉንም ያጠፋል፤ መብራቱን፣ ፍሪጁን፣ የኔን መኪና። ከዚያ በግራ እጁ እጄን ይይዝና በቀኝ እጁ ቁልፉን በጣም በቀስታ ያዞራል። ሽሽሽ ይላል፣ ያፏጫል፣ የማናውቀው ቋንቋ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሰውየው ይመጣል። ስንት ነገር አልፎብናል፤ ቤት ቀይረናል፣ ልጅ ወልደን ድረናል፣ ሱቁን ዘግተናል። ያንን ሰዓት ግን የነካው የለም። አሁንም ድረስ ዕድሜዬ ወዴት ሄደ ብዬ ሳስብ የሚታየኝ ያ ድንግዝግዝ ያለ ክፍልና የሬዲዮው ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ነው። እኔ የሰፋሁለት የሬዲዮ ልብስ በላዩ ላይ ታጥፎ፣ ያ የእጁ ሙቀት እጄ ላይ። አይ ጊዜ!

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ እኔ ዝም ማለት አልችልም። የጎረቤቷ ነገር ትዝ ይለኛል፣ የደንበኛ ቀሚስ ትዝ ይለኛል፣ አፌን ይበላኛል። አንድ ቃል ስተነፍስ እሱ ጣቱን ያነሣል።

«ዝም በይ መርፌ፤ ሰውየው እየተናገረ ነው።»

ይችን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ነው ያረጀሁት። እበግናለሁ፣ ግን ዝም እላለሁ። በቀን ውስጥ ሽቦ የሚያሸንፈኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ ትሁንለት ብዬ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ሬዲዮው ላይ ጩኸት ገባ። መጀመሪያ ላይ እኔም እሰማው ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ኮሽ ኮሽ ይላል። ሽቦ በደስታ ሊሞት ነው! ሱቁን ከዘጋ ወዲህ እጁ ሥራ ናፍቆታል። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ የሽቦ ጥቅሉን ከአልጋ ሥር አወጣ። ሕጉን ደግሞ እንደ ጸሎት ነው የሚደግመው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ። መጀመሪያ አንቴናው፣ ቀጥሎ የመሬት ሽቦው፣ ቀጥሎ መብራቱና ጎረቤቱ፣ የሬዲዮው ሳጥን መጨረሻ። «ሳጥኑን ቀድሞ የሚከፍት ጠጋኝ ሳይሆን ሌባ ነው» ይላል።

ይሄን ሁሉ ብሎ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የኔ መኪና!

«እኔ ላይ ነው እንዴ የምትጀምረው? አርፋ የተቀመጠች መኪና ምን አደረገችህ?»

«የቀድሞ ጥፋተኛ ናት» አለኝ፤ ፈገግ እንኳ ሳይል። ኮንደንሰሩን በአዲስ ቀየረው። ጩኸቱ አልቆመም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ነጻ ነሽ» ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላለኝም። «ለጊዜው ትነሣ» ብሎ መኪናዬን ከመስኮቱ ሥር ወደ ጓዳ አስገባብኝ። ብርሃን የሌለበት ጓዳ ውስጥ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፋኝ፤ ግን በሬዲዮ ነገር ከሱ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መማከር ነው።

ቀጥሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። በዚህ ዕድሜው! እኔ ከታች ሬዲዮውን አቅፌ፣ መሰላሉን በእግሬ ደግፌ፣ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ወደ ላይ እየላክሁ። አንቴናው መቀጠያው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቸኩዬ የቀጠልኩት ነው» ብሎ ቆረጠው፣ ፋቀው፣ አጠንክሮ ጠመዘዘው፣ በየደው። የዚያን ጊዜ እቅፌ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ላይ የሰውየው ድምፅ ጎረቤት ሆኖ የሚያወራ ይመስል ጥርት ብሎ ገባ።

«ጠራ! ሽቦ፣ ጠራልህ፣ ውረድ!»

ወረደ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ሬዲዮውን ተቀበለኝና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ምኑ ነው የጠራው? ሽሽሽ እያለ!»

እያሾፈብኝ መሰለኝና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ኮሽታው ሄዷል፤ ሽሽታው ግን አለ። ሁለት ጥፋት ነው የነበረው ማለት ነው» አለና የመሬቱን ሽቦ ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ።

እኔም ሞኝ፣ አመንኩት። የሱ ጆሮ ከኔ ይበልጣላ! ዕድሜ ልኩን በዚያ ጆሮ ነው የኖረው። ሬዲዮ ሳይከፍት አዳምጦ ብቻ ይህ ተቃጥሏል፣ ያ ላልቷል የሚል ሰው ነው። እኔ ያልሰማሁትን ቢሰማ ምን ይገርማል አልኩ።

የመሬቱ ሽቦ ነጻ ወጣ። የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍቶ ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ሞከረው፤ ቤታችን በሙሉ ነጻ ወጣ። ስለዚህ እንደ ድሮው ጎረቤት ላይ ዘመተ። ሰዉ ይወደዋል፤ «ጋሽ ሽቦ ይሁን» እያለ ያለውን ሁሉ ይነቅልለታል። ባለሱቁ ፍሪጁን ነቀለ፣ ተማሪዎቹ የስልክ ቻርጀራቸውን ነቀሉ። ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ሰውዬ ራስ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ማሽኑን አጠፋ፤ ደንበኛው መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ሽቦ ወደ ውጭ እስኪወጣ ጠበቀና ጠጋ አለኝ።

«እትዬ፣ ሬዲዮው እኮ ደህና ነው። ለኔ ቁልጭ ብሎ ነው የሚሰማኝ።»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ!» አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ምን አጠፋ? እውነት ነው የነገረኝ።  ወደ ቤት ስንመለስ ሽቦን ከኋላው እያየሁት ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። ከኋላው ስጠራው የማይዞረው ነገር። «እህ?» የሚለው ነገር። እኔ ደግሞ «ባል መቼ ሚስቱን ሰምቶ ያውቃል!» እያልኩ ስስቅ የከረምኩት ነገር። ፊት ለፊት ሳናግረው አፌን አፌን የሚያየው ነገር፤ እኔ እቴ፣ ገና ዛሬም አምሬ እየታየሁት ነው ብዬ ነበር። 

የምፈራበት ምክንያት አለኝ። አባቱ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ኖረው በመጨረሻ ደንቁረው ነበር። ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፣ ምን እንደተባለ ግን አያውቁም። ቀስ በቀስ የሚያናግራቸው ሰው ጠፋ። ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቻቸውን ሞቱ። ከቀብር ስንመለስ ሽቦ እጄን ይዞ «መርፌ፣ ዐይኔ ይሂድ፣ እግሬ ይሂድ። ጆሮዬ ከሄደ ግን እኔም አብሬው ልሂድ» አለኝ። ይችን ቃል ረስቼያት አላውቅም። እንግዲህ እንዴት ብዬ ነው «ጩኸቱ ጆሮህ ውስጥ ነው» የምለው? ደፋር ነኝ፣ ማንንም አልፈራም፤ ይሄን ግን ምላሴ እንቢ አለ።

ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ። አመሻሽ ላይ ሬዲዮውን ያበራና «ይጮኻል?» ይለኛል።

«ውይ፣ ይጮኻል!»

«ከትናንቱ ይብሳል?»

«ኧረ ይብሳል! ምኑም አይሰማ።»

ይሄን ስል ሰውየው ከጎኔ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል ጥርት አድርጎ ይናገራል።

ልጃችን ልትጠይቀን መጣች። ሬዲዮው ፊት ተቀመጠችና ጥቂት አዳምጣ «የምን ጩኸት ነው አባዬ?» ከማለቷ እግሯን ረገጥኩት። «ውይ እግሬን!» ብላ ስታበቃ ነገሩ ገባትና «አዎ… ትንሽ ይጮኻል» አለች። ኩሽና ውስጥ ግን አልማረችኝም።

«እማዬ፣ ለጆሮ ሐኪም አለው፣ መሣሪያም አለው። ምን ያስደብቅሻል?»

«ይሄዳል። ብቻ ዛሬ አይሁን።»

«መቼ ነው ታዲያ?»

«ዛሬ አይሁን አልኩሽ!»

ልክ ናት፤ ልክ መሆኗ ነው ደግሞ ያናደደኝ። ለሐኪም ከመንገሬ በፊት ለሱ መንገር አለብኝ፤ ለሱ ደግሞ መንገር አቃተኝ። ተናጋሪዋ መርፌ!

በመጨረሻ የሳጥኑ ተራ ደረሰ። ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ሬዲዮውን ፈታው። ብሎኑን በተራ ደረደረ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፣ የላላውን በየደ፣ ድምፅ ማጉያውን በጣቱ ጫን አድርጎ ሞከረው። ሲሠራ እንደ ድሮው ምላሱን ትንሽ ወጣ አድርጎ ይነክሳል። ያንን እያየሁ ሱቁ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ከኋላው መደርደሪያ ሙሉ የእንጨት ሬዲዮ፣ በር ላይ ዜና የሚሰማ ሰው ተኮልኩሎ፣ ሁሉም «እስቲ ሽቦ ምን ይላል» እያለ። አመሻሹ ላይ ገጠመው።

ሁሉን አጠፋፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቁልፉን አዞረ፤ የመክፈቻው ዜማ መጣ፣ ቀጥሎ ሰውየው መጣ። ሽቦ ፊቱን አጨፍግጎ ወደ ሬዲዮው ተጠጋ።

«ይጮኻል አይደል?»

«ይጮኻል» አልኩ።

ያ ሰውየው ግን ጉድ ሠራኝ። ያን ቀን ያመጣው ወሬ ስለ አንድ ሙሽራ ነው፤ ለሠርጉ ያሰፋውን ሱፍ ገመድ ላይ አስጥቶ ፍየል አንድ እጅጌውን በላችው፤ ሙሽራው ደግሞ ጊዜ የለም ብሎ ባለ አንድ እጅጌ ኮት ለብሶ ተሞሸረ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ! በዚህ ካልሳቅሁ በምን ልሳቅ? አፌን ሳልይዘው ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ።

ሽቦ ዞሮ አየኝ።  ምኑም አይሰማም ያልኩት እኔ፣ ፍየል አሳቀችኝ። አልተቆጣም፤ የሆነ ነገር እያሰላ ነው።

ከዚያ አንቴናውን ነቀለ። አዳመጠ። ሬዲዮውን አጠፋው። አዳመጠ። ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ውጭ እንኳ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ የኔ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እሱንም የምሰማው እኔ ነኝ።

«ይጮኻል» አለ።



«ሬዲዮው ነጻ ነው» አለ ቀጥሎ። ድምፁ ድሮ ኮሪደሩ ውስጥ እየዞረ ሲፈርድ የነበረው ድምፅ ነው፤ ብቻ ዝግ ያለ። ወደ ጓዳው አመለከተ። «መኪናሽም ነጻ ናት። ነገ ወደ መስኮቷ እንመልሳታለን።» ካቻቢቴውን አነሣና በእንጨት እጀታው ጆሮውን ነካ ነካ አደረገው። «ጥፋተኛው ይኸውና።»

አለቀስኩ። ቢደብቀኝም እሱም ዐይኑ እንባ ሞልቷል። ተጠግቼ ጆሮው ሥር «ሌሊትስ? ሌሊት አይጮኽም ነበር?» አልኩት።

«ሌሊትማ የጎረቤት ቧንቧ መስሎኝ ነበር» አለ። «አስተካክሉት ልላቸው እያሰብኩ።»

ይህቺ ናት አንጀቴን የበላችው። ለስንት ሌሊት ተኝቶ የሰው ቤት ቧንቧ ሲያዳምጥ!

«እንደ አባባ ልሆን ነው በቃ» አለ። «ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲስቅ…»

የዚያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። እንባዬ ሳይደርቅ ነው የጮኽኩት፤ ጎረቤቱም ሰምቷል።

«አባባ እኔን አላገቡም! ሰምተሃል? መርፌ የምትባል ሚስት አልነበረቻቸውም! እኔ በሕይወት እያለሁ አንተን ዝም የሚልህ ሰው ማን ነው? ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፤ መሣሪያ ይሰጡሃል፤ ካልሰጡህ እኔ አለሁ!»

«ይሄንንስ ሰምቻለሁ» አለ፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አፍንጫዬ እየፈሰሰ። «ለመሆኑ ቅድም ምን ብሎ ነው ያሳቀሽ?» አለኝ።

ስለ ፍየሏ ነገርኩት። ሙሽራው ጋ ስደርስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ቤቱ ጨልሞ ነበር። የባትሪ ድንጋዮቹን በዳበሳ መለሳቸው፣ አንቴናውን ሰካ፣ ቁልፉን በጣም በቀስታ አዞረ። ብርቱካናማዋ መብራት በራች። ሰውየው ገና አልጨረሰም ነበር። ሽቦ በግራ እጁ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። እኔም ዕድሜ ልኬን እንደተማርኩት አፌን ገጥሜ ቁጭ አልኩ።

 ከዚያ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ምን ዝም ያሰኝሻል?» አለኝ። «ተናገሪ እንጂ መርፌ፤ ሰውየው እኮ እየተናገረ ነው።»